ሙት ወቃሹን ማን ይውቀሰው?

«ዘፈኑ መቼ ነው?» አለችኝ አክስቴ።

ፊልሙ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። አክስቴ በወጣትነቷ የህንድ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሰልፍ የቆመች፣ ከቋንቋው አንድ ቃል ሳታውቅ ለቅሶውን ሁሉ አብራ ያለቀሰች ሴት ናት። ስለ አንድ ደራሲ የተሠራ ፊልም ነው፣ ጭፈራ የለበትም ብዬ አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም። ደግነቱ ሌላ ነገር አስደሰታት። አንድ ጠና ያለ ወፍራም የፊልም ባለገንዘብ ብቅ ሲል ከሶፋው ቀና ብላ «እንዴ! ይሄ ቦቢ ላይ ያለው ልጅ አይደለም?» አለች። ነው፤ ሪሺ ካፑር ነው። «ቦቢ» በሚባለው ፊልም ለጋ አፍቃሪ ሆኖ የምታውቀው ልጅ እዚህ ፊልም ላይ ሥራ ፈላጊ ሴቶችን በዓይኑ የሚበላ ሽማግሌ ሆኖ አገኘችው። «ምነው እንዲህ አደረጉት?» ብላ አዘነች።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዋ አላባራም። እኔ ለትችት ብዬ ደብተር ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ማታ ገልጬ ሳየው ከራሴ ማስታወሻ ይልቅ የሷ ጥያቄዎች በዝተውበታል።

ፊልሙ «ማንቶ» ይባላል። የወጣው በ2018 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጽፋ ያዘጋጀችው ናንዲታ ዳስ ናት፤ ማንቶን ሆኖ የተጫወተው ናዋዙዲን ሲዲኪ። በዚያው ዓመት ካን ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። ሲዲኪ ለዚህ ሥራ የተቀበለው አንድ ሩፒ ብቻ እንደሆነ ዳይሬክተሯ ተናግራለች። ሌሎቹም ስመ ጥር ተዋንያን አንዳንድ ደቂቃ ለመታየት የመጡት ለገንዘብ ብለው አይመስልም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በፍቅር የተሠራ ፊልም ነው። የኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚሁ ይነሳል፦ ለማንም፣ ለራሱም ቢሆን፣ ያልራራ ደራሲ እንዲህ በሚሳሱለት ሰዎች እጅ ሲወድቅ ምን ይሆናል?

ሰውየውን ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ሳዳት ሐሰን ማንቶ በ1912 ፑንጃብ ውስጥ ሳምራላ አካባቢ ተወለደ። ቤተሰቡ ከካሽሚር የመጣ ነው። ትምህርት ቤት ሳለ ፈተና ከወደቀባቸው ትምህርቶች አንዱ ኡርዱ ነበር፤ ኋላ የኡርዱ አጭር ልብወለድ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ስም የሱ ሆነ። አምሪትሳር ላይ ቪክቶር ሁጎን ተረጎመ፤ በ1936 ቦምቤ ወርዶ ለፊልም መጽሔትና ለስቱዲዮዎች ጻፈ፤ መሐል ላይ ዴልሂ ሬዲዮ ጣቢያ ሠራ። ከ20 በላይ የአጫጭር ልብወለድ መድብሎች ትቷል። ባለታሪኮቹ ሴተኛ አዳሪዎች፣ ደላሎች፣ ጋሪ ነጂዎች፣ ዘራፊዎች፣ እብዶች ናቸው። ስድስት ጊዜ በጸያፍ ጽሑፍ ተከሰሰ፤ ሦስቱ በእንግሊዝ ዘመን፣ ሦስቱ ፓኪስታን ከተመሠረተች በኋላ። ጥር 1948 ሚስቱንና ልጁን ተከትሎ ላሆር ገባ። ጥር 18 ቀን 1955 እዚያው ላሆር፣ በመጠጥ ጉበቱ አልቆ፣ በ42 ዓመቱ ሞተ።

በመካከሉ ደግሞ ክፍፍሉ አለ። ነሐሴ 1947 እንግሊዞች ሲወጡ የብሪታኒያ ህንድ ህንድና ፓኪስታን ተብላ ለሁለት ተቆረጠች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወዲያና ወዲህ ተሻገረ፤ ሬሳ የጫኑ ባቡሮች ጣቢያ ገቡ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተጠለፉ። ጸሐፊ ሁሉ የጎረቤቱን ሃይማኖት ሲከስ ማንቶ የራሱንም ወገን እየጨመረ ጻፈ። ይህ ይቅር አልተባለለትም። ተራማጅ ጸሐፍት የሚባሉት ግራ ዘመም ወዳጆቹ ሳይቀሩ ራቁት።

አሁን ወደ ፊልሙ። ማንቶ ራሱ የሰው ሕይወት ጸሐፊ እንደነበረ ማን ያስታውሳል? በ1952 «ጋንጄ ፈሪሽቴ» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል፤ «መላጣ መላእክት» ማለት ነው። ስለሚያውቃቸው ሰዎች የጻፈው ነው፦ ስለ ተዋናዩ አሾክ ኩማር፣ ስለ ተዋናይቷ ናርጊስ፣ ስለ ጓደኛው ስለ ሺያም፣ ስለ ደራሲዋ ኢስማት ቹግታይ፤ ስለ ፓኪስታን መሥራች ስለ ጂናም ጽፏል፣ ያውም ሹፌራቸው ሲያወራ እየሰማ። መላእክቱን መላጣ ያላቸው ወንበር ላይ አስቀምጦ ራሳቸውን ስለላጫቸው ነው። የሞተን ሰው እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ ብለው ሲጮሁበት፣ ሙታንን አጥቦና ተኩሶ በነፍስ ይማር መስቀያ ላይ የሚሰቅል ልማድ አይጥመኝም ብሎ መለሰ። እኛም «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። ከዚያ በኋላ ግን «ነገር ግን» ብለን እንቀጥላለን፤ ማንቶ የጻፈው ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ነው።

ታዲያ ወንበሩ ላይ ራሱ ማንቶ ሲቀመጥ ምላጩን ያነሳ አለ? ናንዲታ ዳስ ያነሳችው ማበጠሪያ ነው። ጥሩ ማበጠሪያ ነው፤ ግን ማበጠሪያ ነው።

ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ከቦምቤ መውጣቱን አመጣለሁ። ማንቶ ያቺን ከተማ ይወዳት ነበር። ለምን ሄደ? ፊልሙ መልሱን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። ሺያም፣ የልብ ጓደኛው፣ ሂንዱው ተዋናይ፣ ከራዋልፒንዲ ሸሽተው የመጡ ዘመዶቹ የደረሰባቸውን ሲያወሩ ይሰማል፤ ይናደዳል፤ ማንቶ እኔም እኮ ሙስሊም ነኝ ሲለው ከአፉ የማይመለስ ቃል ያመልጠዋል። የማንቶ ፊት ይለወጣል፤ ሻንጣ ይታሰራል። ታህር ራጅ ባሲን ሺያምን ጥሩ አድርጎ ተጫውቶታል፤ ትዕይንቱም ያማል። ግን ማንቶ ራሱ ስለ ሺያም ሲጽፍ ነገሩን ያስቀመጠው እንዲህ አይደለም። እዚያ ጠያቂው እሱ ነው። እኔን ልትገድለኝ አላሰኘህም ወይ ብሎ ጓደኛውን የጠየቀው ማንቶ ነው፤ ሺያምም ተረጋግቶ፣ አሁን አይደለም፣ ያን ጊዜ ሲያወሩ እየሰማሁ ግን ይቻለኝ ነበር አለው። በንዴት ያመለጠ ቃልና ተጠይቆ በእርጋታ የተመለሰ መልስ አንድ ናቸው? የመጀመሪያውን ይቅር ማለት ይቻላል፣ ሰው ሲናደድ ምን የማይለው አለ። ሁለተኛውን ግን ምን ታደርገዋለህ? ፊልሙ ከሁለቱ ቀላሉን መረጠ።

ሌላም አለ። ቦምቤ ቶኪስ በተባለው ስቱዲዮ የሙስሊሞች መብዛት ያስቆጣቸው ሰዎች የማስፈራሪያ ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ማንቶ በዚህ ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚያው ሰሞን በዚያው ስቱዲዮ የሌሎች ደራስያን ታሪክ እየተመረጠ የሱ ወደ ጎን ይቀር እንደነበርም ከራሱ ጽሑፍ ይነበባል። ኢስማት ቹግታይ ደግሞ ኋላ ላይ ስትጽፍ፣ ማንቶ ፓኪስታን ብትመጡ የሸሹት ሰዎች ቤት ይሰጠናል ብሎ እንዳማለላት ታወሳለች። የሸሹት ሰዎች ቤት! ባለቤቱ ተባሮ ወይም ተገድሎ ቁልፉ ለመጤ የሚሰጥ ቤት። ይህን የተናገረው ስለ ዘራፊዎች እንደ ምላጭ የሰሉ አጫጭር ታሪኮችን የጻፈው ያው ሰውዬ ነው። ኢስማት አጋንናም ይሆናል፤ ተቀይማው ነበር። ግን ለአንድ ፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ ይመጣል? ፍርሃት፣ የቆሰለ ወዳጅነት፣ የተጎዳ ኩራት፣ ትንሽም የቤት ምኞት በአንድ ሻንጣ ታጭቀው። እኔ ማየት የፈለግኩት ይህን ፊልም ነበር። የታየኝ በሐዘን የሚሄድ ጻድቅ ነው።

ሲዲኪን ግን አልወቅሰውም። መነጽሩን የሚያስተካክልበት፣ እርሳሱን የሚይዝበት፣ ቃል ከመናገሩ በፊት ከንፈሩ ጥግ ላይ የምትመጣው ንቀት፤ ሌላ ተዋናይ ይህን ያህል በትንሹ አይሠራውም። ችግሩ አፉ ውስጥ የተጨመረለት ንግግር ነው። ማንቶ በጽሑፍና በችሎት መከላከያው ያስቀመጣቸው የሰሉ ዐረፍተ ነገሮች ተቆርጠው ሳሎን ውስጥ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ እንደ ወሬ ይነገራሉ። ሰው እቤቱ እንደ መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ያወራል እንዴ? ሚስቱ ሻይ ስታቀርብለት አንድ ጥቅስ፣ ጓደኛው ሲጋራ ሲለኩስ አንድ ጥቅስ። አንድ ቦታ ላይ አክስቴ «ይሄ ሰው ሁልጊዜ ስብከት ነው?» አለች። እኔ የማንቶ አድናቂ ነኝና ተቆጣሁ። ቆይቶ ግን ስብከትን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ሰባኪ እንደሆነባቸው ገባኝ።

ፊልሙ አምስት የማንቶ ታሪኮችን በደራሲው ሕይወት ውስጥ ይሰፋቸዋል። አሁን ታሪክ ጀመርኩ አይልም፤ ደራሲው መንገድ ላይ ሲሄድ እኛ ሳናውቅ ታሪኩ ውስጥ ገብተን እንገኛለን። የሚከፈተውም በአንዱ፣ «አሥር ሩፒ» በሚለው ነው፦ ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች ልጅ፣ እናቷ ከሦስት ወንዶች ጋር በመኪና ትልካታለች፣ ልጅቷ ግን መኪና መሳፈር ብቻ ነው የሚያስደስታት፤ ባሕር ዳር ወርዳ ትስቃለች፣ ትጫወታለች፣ በመጨረሻም አሥሩን ሩፒ ለሰዎቹ ትመልሳለች። ሐሳቡ ደፋር ነው። ተቺዎች ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች ግራ ይጋባል ብለው ወቅሰውታል። እኔም እንደዚያ ልጽፍ ነበር፤ አክስቴ ግን «ይህቺ ልጅ የሱ ልጅ ናት?» አለች።

አይደለችም። ግን ማንቶ ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ፊተኛው ወንድ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞቶበታል። የሴቶች ልጆች አባት፣ እናቷ ስለምትሸጣት ልጅ ይህን ያህል ደስታ አድርጎ እንዴት ጻፈ? ሲጽፍ የማን ሣቅ ጆሮው ላይ ነበር? አክስቴ ተሳስታ የከፈተችውን በር ፊልሙ አውቆ ቢከፍተው ኖሮ ታሪክና ሕይወትን ማምታታቱ ዋጋ ያገኝ ነበር። ፊልሙ ግን ስፌቱን የሚጠቀምበት ለሽግግር ማማር ነው። ሌላው፣ እንቅልፍ ተከልክላ ደላላዋን በጡብ የምትገድለው ሴት ታሪክ፣ መጥቶ ያልፋል። ተዋናዩን ፓሬሽ ራዋልን አይተን «እሱም አለ!» እንላለን፤ ሴትየዋ ግን መተኛቷን በቅጡ ሳናይላት እንሄዳለን።

«ኮል ዶ» በምትባለው ታሪክ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ፤ የማንቶ ነገር ሁሉ የታሰረው እዚያች ሁለት ገጽ ከምናምን ውስጥ ነው። በ1948 ስትታተም ያወጣት መጽሔት ለስድስት ወር ታገደ። ሲራጁዲን የሚባል ሽማግሌ በግርግሩ ልጁን ሳኪናን ያጣል። የጠፉትን የሚፈልጉ ወጣት በጎ ፈቃደኞች፣ የራሱ ሃይማኖት ልጆች፣ እናገኛታለን ይሉታል። ያገኟታልም፤ ለሱ ግን አይነግሩትም። ከቀናት በኋላ ልጅቷ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ወድቃ ተገኝታ ሐኪም ዘንድ ትመጣለች። ክፍሉ ጨልሟል። ሐኪሙ መስኮቱን እያሳየ ለአባትየው «ኮል ዶ»፣ ክፈት፣ ይለዋል። እንደ ሬሳ የተጋደመችው ልጅ እጇ ይንቀሳቀሳል፤ የሱሪዋን ማሰሪያ ትፈታለች። አባት ልጄ በሕይወት አለች ብሎ በደስታ ይጮኻል። ሐኪሙ በላብ ይጠመቃል።

ይህን ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞክሬ አውቃለሁ፤ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። የርዕሷ ሁለት ቃል ኡርዱ ላይ ወንድ ሴት አይለይም፤ ለአባት የተባለውን ልጅ ልትሰማው ትችላለች። የኛ ግስ ግን ምስጢር አይጠብቅም። «ክፈተው» ካልኩ ለወንድ ነው። ለሽማግሌ ስለሆነ «ይክፈቱት» ካልኩ ልጅቷ ለኔ ነው ልትል አትችልም። «ክፈቺው» ካልኩ ሐኪሙ ወንጀለኛ ሆነ። ብዙ ከተቸገርኩ በኋላ የቀረችኝ «ይከፈት» ናት፦ አድራሻ የሌላት፣ የቢሮ ትእዛዝ የምትመስል ቃል። «መስኮቱ ይከፈት።» ስጽፋት ራሴው ቀዘቀዝኩ። ልጅቷን የሰበራት ማን ያዛል፣ ለማን ይታዘዛል የማይባልበት ድምፅ ነው፤ ወንድ በተናገረ ቁጥር እጇ ወደ ማሰሪያው ይሄዳል።

ይህ የጆሮ ታሪክ ነው። ታዲያ ለዓይን ሲሠራ ምን ይደረግ? ፊልሙ ጉርዳስ ማንን፣ ያንን ታዋቂ የፑንጃብ ዘፋኝ፣ ሲራጁዲን አድርጎ አቅርቦታል፤ ፊቱ የተቃጠለ መሬት ይመስላል፣ ልብ ይነካል። ግን ካሜራ እጅ ማሳየት ግድ ይሆንበታል። እጁን ስታይ ደግሞ ቃሉን ትረሳለህ፤ የሚሰቀጥጠው ድርጊቱ ይሆናል። ጽሑፉ ላይ ግን የሚሰቀጥጠው መስማቷ ነው። ዓይኑን የሚጨፍን ፊልም ሠሪ የለም ወይ? ክፍሉን ጨለማ አድርጎ፣ ድምፁን ብቻ ትቶ፣ የሐኪሙን ግንባር ብቻ አሳይቶ ማለፍ አይቻልም ነበር? ከስር የሚሮጠውን ጽሑፍ የሚያነቡትም፣ እንደ አክስቴ የማያነቡትም ተመልካቾች ላቡ ይገባቸዋል። አክስቴ እዚህ ላይ ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ዝም አለች። ስለዚህ ፊልሙ አልተሳካም ብዬ አፌን ሞልቼ ለመናገር አልደፍርም።

ወደ ችሎቱ ልሂድ። አገር ሲከፈል የጽሕፈት መኪና፣ የባቡር ፉርጎ፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሳይቀር ተቆጥሮ ተከፍሏል። የጸያፍ ጽሑፍ አንቀጽ 292 ግን አልተከፈለም፤ ሁለቱም አገሮች ሙሉውን ወሰዱት። ማንቶን ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ያቆመው ያው እንግሊዝ የጻፈው አንቀጽ ነው። ፊልሙ የሚያሳየን «ታንዳ ጎሽት» (ቀዝቃዛ ሥጋ) የተባለውን ታሪክ ክስ ነው፤ መጀመሪያ የሦስት ወር ከባድ እስርና 300 ሩፒ ቅጣት ተፈረደበት፣ ይግባኝ ነጻ አወጣው፣ በመጨረሻ ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት 300 ሩፒ እንዲከፍል ፈረደበት። ፋይዝ አህመድ ፋይዝ፣ ታላቁ ባለቅኔ፣ የመከላከያ ምስክር ሆኖ ቀርቦ ታሪኩ ጸያፍ አይደለም፣ ግን የላቀ ሥነ ጽሑፍም አይደለም አለ። ማንቶን ከእስሩ ይልቅ ያቆሰለው ይህ ምስክርነት ነው። ጸያፍ ነው ቢለኝ በተሻለ ነበር አለ። ፊልሙም አብሮት ይቆስላል፤ ካሜራው ወደ ማንቶ ፊት ተጠግቶ እዚያው ይቀራል።

ፋይዝ ልክ ቢሆንስ? ይህን የሚጠይቅ በፊልሙ ውስጥ የለም። እኔ ልጠይቅ። «ታንዳ ጎሽት» ዘርፎ፣ ገድሎ፣ ልጅ ጠልፎ የመጣ ሰው በፍቅረኛው ቅናት ተወግቶ ሲሞት የሚናዘዝበት ታሪክ ነው። የመጨረሻው ምት ኃይለኛ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ጩኸት የበዛበት የመድረክ ድራማ ይመስለኛል። ከ«ኮል ዶ» አጠገብ ሲቀመጥ ያንሳል። ጓደኛህ እየተከሰሰም ቢሆን ያመንክበትን መናገር፣ ያውም ዳኛ ፊት፣ ማንቶ ሌሎች ላይ ሲያደርገው የኖረው ነገር አይደለም እንዴ? የሰውን ራስ ሲላጭ የኖረ ሰው ምላጩ ወደሱ ሲዞር እንዴት እንደጮኸ ማሳየት ከሰማዕትነት ይልቅ ሰው ያደርገው ነበር። ማንቶ ይህን ያውቅ ነበር። ስለ ራሱ በጻፈው አንድ ጽሑፍ ማንቶ የሚባለውን ሰው እንደ ሌላ ሰው አውጥቶ አንደኛ ደረጃ አጭበርባሪ ብሎ ሰድቦታል። ፊልሙ ይህን ያህል አልደፈረም።

በዚሁ ላይ ስለ ሥፍራ አንድ ነገር። ፊልሙ ላይ የምናየው ላሆር ላሆር አይደለም፤ ጉጅራት ውስጥ ቫሶ የምትባል ከተማ ናት። የህንድ ፊልም ቡድን ተሻግሮ ላሆርን መቅረጽ አልሆነለትም። ጉጅራት ደግሞ ዳስ የመጀመሪያ ፊልሟን፣ «ፊራቅ»ን፣ እዚያ በ2002 በደረሰው እልቂት ዙሪያ የሠራችላት ክፍለ ሀገር ናት። ፊልሙ ተጠናቆ ሲወጣ የፓኪስታን ሳንሱር ሲኒማ ቤት እንዳይታይ ከለከለው፤ ላሆር ላይ ይታይልን ብለው ሰልፍ የወጡ ነበሩ። በ2012 ለማንቶ ከታላላቅ የክብር ኒሻኖቿ አንዱን የሸለመችው ያቺው ፓኪስታን ናት። የሞተውን መሸለም፣ የሚናገረውን መከልከል፤ ይሄኛው እንኳ እኛንም አይገርመንም።

ፓኪስታንም የራሷን «ማንቶ» ሠርታ ነበር፣ በ2015። ሳርማድ ኩሳት ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተው። የበለጠ ይጮኻል፤ የመድረክ ቲያትር ይመስላል፤ ቅዠቱ ይበዛል። አሠራሩን ካየን የዳስ ይበልጣል። ግን ኩሳት የሄደው ዳስ ከቆመችበት ወዲያ ነው። የሷ ፊልም በ1946 እና በ1950 አካባቢ መካከል ያለውን ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ይዘጋዋል። የቀሩት ዓመቶች አስቀያሚዎቹ ናቸው፦ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ጽፎ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ በቀጥታ ወደ መጠጥ የሚሄድባቸው፤ ለመጠጡ ሕክምና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የተኛባቸው። እነዚሁ ዓመቶች ለአሜሪካ መንግሥት «አጎቴ ሳም» እያለ ዘጠኝ የሹፈት ደብዳቤዎች የጻፈባቸው፣ «ቶባ ቴክ ሲንግ»ን የጻፈባቸው ናቸው። ዝቅጠቱና ከፍታው አንድ ላይ ነበሩ። አንዱን ቀንሶ ሌላውን ማሳየት ይቻላል?

አክስቴን የከነከናት ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ፊልሙ ከመሃሉ እያለፈ ሲሄድ «ሚስቲቱ ምን በልታ ታድራለች?» አለች። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ይህን ቃል በቃል ነው።

የማንቶን ሚስት ሳፊያን የምትጫወተው ራሲካ ዱጋል ናት፤ ከሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ናት። ሲቀዳ ታየዋለች፤ ምንም አትልም፤ ዝምታዋ ግን ዕዳ እየተቆጠረበት መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም ፊልሙ ሳፊያን የሚፈልጋት የማንቶን ስቃይ እንድታይ ነው። እሱ ሳይኖር ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ለባለሱቁ ምን ትለዋለች? የቤት ኪራይ የመጣ ቀን የት ትገባለች? ሦስት ልጆች ይዛ፣ በማታውቀው ከተማ፣ ባሏ በጋዜጣ ሲሰደብ ጎረቤት ምን አላት? ማንቶ ስለ ሴተኛ አዳሪ ሆድ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጥቁር ሱሪዋ ሳይቀር ጽፏል፤ ገበያ የወጣች ሴት ሁሉ በሱ ዓለም ውስጥ የራሷ ክፍል አላት። እቤቱ ያለችው ክፍል አላገኘችም። እሱም አልሰጣትም፣ ፊልም ሠሪዋም አልሰጠቻትም። ከሴት ዳይሬክተር ይህን መጠበቄ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ግን ጠብቄአለሁ።

ፊልሙ የሚዘጋው በ«ቶባ ቴክ ሲንግ» ነው። ከክፍፍሉ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱ መንግሥታት እስረኞችን እንደተለዋወጡ እብዶችንም እንለዋወጥ ይላሉ። ቢሻን ሲንግ የሚባል ሲክ፣ ላሆር እብዶች ቤት ውስጥ 15 ዓመት ሳይተኛ በእግሩ የቆመ ሰው፣ መንደሩ ቶባ ቴክ ሲንግ ህንድ ውስጥ ትሁን ፓኪስታን የሚነግረው ያጣል። ድንበር ላይ አልሻገርም ብሎ ይቆማል። ሊነጋ ሲል አንዲት ጩኸት ጮሆ ይወድቃል፤ በወዲያ ሽቦ ህንድ፣ በወዲህ ሽቦ ፓኪስታን፣ እሱ ስም በሌለው መሬት ላይ። ቪኖድ ናግፓል ይህን ሽማግሌ ሲጫወተው እግሩ ማበጡ ይታይሃል። እዚህ ላይ ዳስ ማበጠሪያውን ጥላለች፤ ጥቅስ የለም፣ ስብከት የለም።

ጽሑፉ መሮጥ ሲጀምር አክስቴ «ሞተ?» አለች።

«አዎ።»

«ከየትኛው ወገን?»

«ከመሃል ነው። የማንም አይደለም፣ ቦታው።»

ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ትንሽ አሰበች። «እና ማን ቀበረው?» አለች።

ታሪኩን ማታ እንደገና አውጥቼ አየሁት። የለም።